ከመልእክተኛው እጅ እስከ ኢሜይሉ አባሪ



ደብዳቤ ሲደርሰን ሁለት ነገር መመርመር ይገባናል፤ ይኸውም ምን እንደሚልና ከማን እንደ መጣ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1862 ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ያለ መልስ ቆየ። መልሱ በሆርሙዝድ ራሳም እጅ ለንጉሠ ነገሥቱ የደረሰው በጥር ወር 1866 ነበር። ራሳምም በጣና ዳር ባለችው በቆራጣ እንዲሰነብት ከተደረገ በኋላ፥ በሚያዝያ ወር ከዛሬዋ ባሕር ዳር ማዶ በዘጌ ታሰረ። ያን ጊዜ መልእክት አዝጋሚ ነበረ፤ ነገር ግን ተቀባዩ መልእክተኛውን ፊት ለፊት አይቶ ሊጠይቀው፥ ቢጠራጠርም ሊይዘው ይችል ነበር።

በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን በአሜሪካ አገር በኮምፒዩተር መረብ የመጀመሪያውን ኢሜይል ላከ። በ1992 «ማይም» የተባለው ደንብ ሲወጣ ስዕልና ሰነድ በአባሪነት ለመላክ የጋራ ሥርዓት ተገኘ። አገራችንም በ1997 የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረች። ዛሬ በባሕር ዳር መሥሪያ ቤት ለተቀመጠ ሠራተኛ ደብዳቤ ከነአባሪው በቅጽበት ይደርሰዋል፤ መልእክተኛው ግን አይታይም።

ከአባሪዎች ሁሉ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው አንዱ «ኤችቲኤምኤል» የተባለው ነው። ይህ ፋይል ሲከፈት በብራውዘር የሚታይ ገጽ ይሆናል፤ በውስጡም የሚሠራ ትእዛዝ ሊኖር ይችላል። አታላይ ሰው የኢሜይል መግቢያን የሚመስል ገጽ አዘጋጅቶ ይልካል፤ ሠራተኛውም የይለፍ ቃሉን ቢጽፍ ቃሉ ወደ አታላዩ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አታላዩ በዚያ ሠራተኛ ስም ለባልደረቦቹ ይጽፋል፤ የመሥሪያ ቤቱንም ምስጢር ያነባል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ አባሪ ሲደርሳችሁ ለመክፈት አትቸኩሉ። ዊንዶውስ የፋይልን ስም ቅጥያ ስለሚደብቅ፥ ቅጥያው እንዲታይ አድርጉ፤ ፒዲኤፍ የሚመስለው ስም መጨረሻው ኤችቲኤምኤል ሊሆን ይችላልና። የላኪውን ስም ብቻ ሳይሆን ሙሉ አድራሻውን አንብቡ። ላኪው የምታውቁት ቢሆንም፥ አባሪውን ካልጠበቃችሁት፥ በኢሜይሉ ውስጥ በተጻፈው ሳይሆን ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ ጠይቁት፤ ሰነዱንም በፒዲኤፍ እንዲልክ ንገሩት። ከአባሪ በተከፈተ ገጽ ላይ የይለፍ ቃል ከቶ አትጻፉ። ጽፋችሁ እንደ ሆነም ሳታፍሩ ወዲያው ቃሉን ለውጡ፤ ለኮምፒዩተር ባለሙያውም አስታውቁ።

መሣሪያው ደብዳቤውን ያደርሳል፤ ላኪውን ማጣራት ግን ዛሬም የተቀባዩ ሥራ ነው።