አንድ ጊዜ የተከፈለበት ምስል

በሐምሌ ወር 1972 ሁለት ነገሮች ሆኑ (ዘመኖቹን ሁሉ እዚህ እስራኤል እንደለመድነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጽፋለን)። አንደኛው የስንዴ ግዢ ነው። በሶቭየት ኅብረት ሰብል ተበላሽቶ ነበር። መንግሥቱ ግን ጉዳቱን በልኩ ለማንም ሳይናገር ሰዎቹን ወደ አሜሪካ ልኮ ስንዴ ማስገዛት ጀመረ። ከእያንዳንዱ ነጋዴ ለየብቻ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ገዙ። በኋላ ሲደመር ከአሜሪካ የዓመቱ የስንዴ ምርት ሩብ የሚጠጋው ተሸጧል። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ ወደ ውጭ ለሚሸጥ ስንዴ ድጎማ ይከፍል ስለነበር፣ ግብር ከፋዩ ሳያውቀው ገዢውን አገዘ። በዓመቱ የስንዴ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ወጣ፤ የአሜሪካ ቤተሰብም የዳቦው ዋጋ ለምን እንደጨመረ ይጠይቅ ጀመር።

ሁለተኛው በዚያው ወር በ23 የሆነው ነው፤ ናሳ በኋላ ላንድሳት 1 የተባለውን ሳተላይት አመጠቀ። የሚያየው መሬትን ነው፤ እርሻን፣ ደንን፣ ውኃን። በላዩ ላይ ቨርጂኒያ ኖርዉድ የምትባል መሐንዲስ የነደፈችው ቃኚ መሣሪያ ነበረ። እንደ ዋና የታሰበው ሌላ ካሜራ ነበር፤ የእሷ እንደ ሙከራ ነው የተጫነው። ዋናው ብዙም ሳይቆይ በኤሌክትሪክ ችግር ሲዘጋ ሥራውን ሁሉ የእሷ መሣሪያ ተሸከመው።

መሣሪያው ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃንም ይይዛል። ጤነኛ ቅጠል ይህን ብርሃን ብዙ አድርጎ ወደ ላይ ይመልሳል፤ የተጠማ ቅጠል ግን መጠኑ ይቀንሳል። እንግዲህ ከሰማይ ሆኖ ማሳውን ማመዛዘን ተቻለ ማለት ነው። እኛ የምንኖርበት አካባቢም ከመጀመሪያዎቹ ምስሎች በአንዱ ላይ ጉድ አሳይቷል። በነገቭና በሲና መካከል ያለው ድንበር በመሪ የተሰመረ መስሎ ታየ። አጥር ታይቶ አይደለም። በሲና በኩል ፍየሎችና በጎች ቁጥቋጦውን ስለጋጡት አሸዋው ያበራ ነበር፤ በነገቭ በኩል ደግሞ ቁጥቋጦው ስለተረፈ መሬቱ ጠቆር ብሏል።

ወደ ስንዴው እንመለስ። አሜሪካኖቹ ዳግመኛ ላለመታለል በ1974 ስንዴን በሳተላይት የሚገምት ትልቅ ፕሮጀክት ጀመሩ። በ1977 የሶቭየትን ምርት ሞስኮ ራሷ ከመናገሯ በፊት ገመቱ፤ በኋላ የተነገረው ቁጥርም ከግምቱ ጋር በጣም ተቀራረበ። ያንን ዕውቀት በ1972 ቢያገኙት ኖሮ ስንት ብር ይቆጥቡ ነበር?

ታድያ ይህን ያህል ከጠቀመ ለምን አይሸጥም? አሉ ፖለቲከኞቹ። በ1984 የአሜሪካ ምክር ቤት ሥራውን ለግል ኩባንያ የሚያስተላልፍ ሕግ አወጣ። የአንድ ምስል ዋጋ እየወጣ ሄዶ ከ4,000 ዶላር አለፈ። ተማሪው፣ ተመራማሪው፣ የድሃ አገር የእርሻ መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም ከገበያው ወጡ። በእኛ አስተያየት ግን የባሰው ጉዳት ሌላ ነው፤ ኩባንያው የሚያስነሣው ገዢ ያለበትን ቦታ ነበር። ገዢ ያልተገኘለት አገር ሳተላይቱ ከላዩ እያለፈ እንኳ ሳይነሣ ቀረ። ያለፈ ዓመት ደግሞ ተመልሶ አይነሣም። በ1989 ጭራሽ ገንዘብ አልቆ ሳተላይቶቹ ሊዘጉ ደርሰው፣ በመጨረሻው ሰዓት ነው የተረፉት።

1984 የሚለው ቁጥር ለእኛ ቤት ሌላ ትርጉም አለው። ወላጆቻችን በእግራቸው ወደ ሱዳን የወጡበት፣ ብዙዎች በመንገድና በመጠለያው የቀሩበት፣ የሙሴ ዘመቻም የተጀመረበት ዓመት ነው። ኢትዮጵያንም ረሃብ ይዟት ነበር። ዝናብ መቅረቱን ለማወቅ የዚያ አገር ገበሬ ሳተላይት አላስፈለገውም፤ የሚሰማው ነው ያጣው። ጦርነቱና የመንግሥቱ ፖሊሲ ያመጡትን ጣጣም ምስል አያስቀረውም። ግን ከዚያ ረሃብ በኋላ በ1985 አሜሪካኖች የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋሙ። የአየር ጠባይ ሳተላይቶች በሚያነሡት የመሬት ልምላሜ ምስል እየታገዘ፣ የቱ አካባቢ ምርት እንደሚያጣ ከመራቡ በፊት ለመናገር ነው። እህል በመርከብ ተጭኖ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ ቀድሞ ማወቅ ነፍስም ገንዘብም ነው።

በ1992 ሕጉ ተሻረ፤ ሥራው ወደ መንግሥት ተመለሰ። በ1999 የወጣው የላንድሳት 7 ምስል በ600 ዶላር ይሸጥ ነበር። እንዲያም ሆኖ በጣም በተሸጠበት ዓመት፣ በ2001፣ 25,000 ያህል ምስል ብቻ ነው የወጣው። በ2008 የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ድርጅት ክምችቱን በሙሉ በነፃ ለዓለም ለቀቀው። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ምስል ተወሰደ! ድርጅቱ ተጠቃሚዎቹን ጠይቆ የ2017ን ጥቅም ሲያሰላ 3.45 ቢሊዮን ዶላር አገኘ። የራሱን ሥራ ራሱ የገመተ ስለሆነ ቁጥሩን በጥንቃቄ እንያዘው።

ለእኛ ይበልጥ የሚያሳምነው የአይዳሆ ገበሬዎች ነገር ነው። እዚያ ውኃ እንደ እኛ አገር ጠብ ያስነሣል፤ ማን ስንት እንደቀዳ ማወቅ ደግሞ ከባድ ነው። ውኃ የጠጣ ማሳ ከደረቀው ይቀዘቅዛል። ሳተላይቱም ሙቀት ስለሚለካ፣ በየጉድጓዱ ሰው ሳይላክ የእያንዳንዱ ማሳ ፍጆታ ይታወቃል። ላንድሳት 8 ሲታቀድ ይህን የሙቀት መለኪያ ወጪ ለመቆጠብ ሊተዉት ነበር፤ የምዕራቡ ግዛቶች የውኃ ኃላፊዎች ጮኸው ነው ያስመለሱት።

አውሮፓም ከ2015 ጀምሮ የሴንቲኔል 2 ምስሎችን በነፃ ትሰጣለች። እስራኤልና ፈረንሳይም በ2017 ቬኑስ የተባለ ሳተላይት ዕፅዋትን እንዲከታተል አብረው አምጥቀዋል። ግን ነገሩ አልተዘጋም፤ በ2018 የአሜሪካ መንግሥት ለላንድሳት እንደገና ይከፈል ወይስ አይከፈል ብሎ አማካሪዎቹ እንዲያጠኑ አደረገ። ላንድሳት 9 በ2021 ሲወጣም ምስሉ ነፃ እንደሆነ ቀጠለ። ዛሬ ላንድሳት 8 እና 9 እየተፈራረቁ ጎንደርንም ነገቭንም በየ8 ቀኑ ያነሣሉ፤ ምስሉንም ማንኛውም ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያወርደው ይችላል።