ጨረቃን ማን አነሳት?

የኛ ትውልድ ካሜራ በኪሱ ይዞ የሚዞር ትውልድ ነው። ማኪያቶ ሲቀርብልን እናነሳለን፤ ሠርግ ላይ እናነሳለን፤ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆመንም ራሳችንን እናነሳለን። ቀና ብለን የሌሊቱን ሰማይ ማንሳት የጀመርነው ግን በቅርቡ ነው። ድሮ ስንሞክር የምናገኘው ድፍን ጥቁር ምስልና መሐሉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ነበር። «ጨረቃ ናት» ስንል ጓደኞቻችን «የመንገድ መብራት መስሎኝ» ይሉናል። ዛሬ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ አራት ደቂቃ የታገሰ ሰው ፍኖተ ሐሊብን ይዞ ይመለሳል። እዚህ እንዴት እንደተደረሰ ለማወቅ ከስልክ በፊት ወደነበረው ዘመን መመለስ ግድ ይላል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎቶግራፍ በይፋ ለዓለም የተዋወቀው በ1839 ፓሪስ ውስጥ ነው። ዓመት ሳይቆይ፣ በ1840፣ ጆን ዊልያም ድሬፐር የተባለ የኬሚስትሪ መምህር ኒውዮርክ ላይ በብር የተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ወደ ጨረቃ አዙሮ 20 ደቂቃ ያህል ጠበቀ። የጨረቃም መልክ ሰሌዳው ላይ ቀረ። በ1850 ደግሞ የሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ኃላፊ የነበረው ዊልያም ቦንድና ፎቶ አንሺው ጆን ዊፕል ቬጋ የተባለችውን ኮከብ አነሱ። ከፀሐይ ቀጥሎ ፎቶ የተነሳች የመጀመሪያዋ ኮከብ እሷ ናት። 100 ሰከንድ ያህል ፈጅቶባቸዋል።

ልብ በሉ፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ጥበቃ ነው። ዓይናችን እንደ ሰሌዳ ለረጅም ጊዜ ብርሃን አያጠራቅምም። ሰሌዳው ግን እንደ እቁብ ጠብታ ጠብታውን ይሰበስባል። የድሬፐር ልጅ ሄንሪ በ1880 ኦሪዮን ኔቡላ የተባለውን የጋዝና የአቧራ ደመና ለማንሳት 50 ደቂቃ ያህል ጠብቋል። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው አንድሩ ኮመን ያንኑ ደመና ሲያነሳ፣ በቴሌስኮፕ እንኳ ለዓይን የማይታዩ ኮከቦች ፎቶው ላይ ወጡ። ካሜራ ያየነውን የሚያስቀምጥልን ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ያላየነውን የሚያሳየን ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የሳህን መስታወት ሥራ ሆነ። ሃርቫርድ ብቻ 500,000 ያህል የመስታወት ፎቶዎች አከማችቷል። እነዚያን መስታወቶች አንድ በአንድ እያዩ የሚቆጥሩትና የሚለኩት በአነስተኛ ደመወዝ የተቀጠሩ ሴቶች ነበሩ። ከነሱ አንዷ ሄንሪዬታ ሌቪት፣ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ኮከቦችን ስታጠና የኮከብን ርቀት ለመለካት የሚያስችል ሕግ አገኘች፤ በ1912ም ይፋ ሆነ። በ1923 ኤድዊን ሃብል በአንድሮሜዳ ፎቶ ላይ እንዲህ ያለች ኮከብ አገኘና በሌቪት ሕግ ለካት። አንድሮሜዳ ከኛ ውጪ ያለች ሌላ ጋላክሲ መሆኗ በዚህ ታወቀ። ዓለም የሃብልን ስም ያውቃል፤ የሌቪትን ስም ስንቶቻችን ሰምተናል?

በ1969 አሜሪካ በሚገኘው ቤል ላቦራቶሪ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ቺፕ ነደፉ፤ በ2009 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በ1990ዎቹ ኤሪክ ፎሰምና ባልደረቦቹ ናሳ ውስጥ ለመንኮራኩር የሚሆን ትንሽና ኤሌክትሪክ የማይበላ ካሜራ ሲሠሩ ያዳበሩት ቴክኖሎጂ ነው ዞሮ ዞሮ ስልካችን ውስጥ የገባው።

የስልክ ችግሩ መነጽሩ የምስር ፍሬ ማከሉ ነው። መፍትሔው አሁንም ጥበቃ ሆነ። ጉግል በ2019 ፒክስል 4 ላይ ያወጣው ዘዴ 16 ሰከንድ የሚቆዩ እስከ 15 ፎቶዎች ያነሳል፤ ድምሩ 4 ደቂቃ ነው። ምድር ስለምትዞር ኮከቦቹ ቦታ ይለውጣሉ፤ ስልኩ ፎቶዎቹን አንዱን ባንዱ ላይ አስተካክሎ ይደርባል። እውነተኛው ብርሃን ሲደጋገም ይጎላል፤ ዝብርቅርቁ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ድሬፐር በሰሌዳ ያደረገውን ስልኩ በሒሳብ አደረገው።

ታዲያ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። በ2023 አንድ የሳምሰንግ ስልክ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ በጨለማ ክፍል ውስጥ አነሳው። ስልኩ የሰጠው ፎቶ ግን ዋናው ምስል ላይ ያልነበሩ ጉድጓዶች ወጥተውበት ነበር። ኩባንያውም ስልኩ ጨረቃን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ለይቶ ዝርዝሯን እንደሚያጎላ አስረዳ። ጨረቃ ሁሌም አንድ ፊቷን ብቻ ስለምታሳየን መልኳን ማስጠናት አይከብድም።

የኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የሰማይ ፎቶ ከጥንቱም ዓይን ያየውን አልነበረም፤ ስለዚህ «ስልኩ አሳመረው» ብሎ መክሰስ ብቻውን አያስኬድም። መስመሩ ያለው የመጣውን ብርሃን በመሰብሰብና ያልመጣውን በመሙላት መካከል ነው። ሌቪት ከመስታወቱ ላይ ሕግ ያወጣችው እያንዳንዷ ነጥብ ከሰማይ የወረደች ስለነበረች ነው። መስታወቱ «ኮከብ እዚህ መኖር ነበረበት» ብሎ ቢጨምርላት ኖሮ ሃብልም ባዶ እጁን በቀረ።

ሌላም አለ። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በ2015 የተመረቁ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ከሥራቸው ያለችው አዲስ አበባ ግን መብራቷ በየዓመቱ እየደመቀ ነው። መብራት ሲጠፋ ከምናማርርባቸው ሌሊቶች በስተቀር ሰማያችን ኮከብ አልባ እየሆነ ነው። ጨለማው ካለቀ የሚሰበሰብ ብርሃን አይኖርም፤ ያኔ ስልኩ ከራሱ መሙላቱ አይቀርም፤ እኛም ልዩነቱን ማወቂያ አናገኝም።

ስለዚህ ከከተማ በወጣችሁበት ሌሊት ስልካችሁን አስደግፉና ጠብቁ። አራት ደቂቃ ብዙ አይደለም፤ ድሬፐር ሃያ ጠብቋል። እስከዚያው ግን ሰማዩን በዓይናችሁ እዩት፤ ፎቶው ሲወጣ እውነት መሆኑን የምትመሰክሩት እናንተ ናችሁ።