የቃላት መዝገብና የመሣሪያ መግለጫ፤ ከወለጋ ታሪክ የተወሰደ ምሳሌ

እንደሚታወቀው የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ ታትሞ ሲወጣ በሥራው ስሙ ጎልቶ የታወቀው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። ኦነሲሞስ በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ የተሸጠ፣ በምጽዋ ነፃ የወጣ፣ በስዊድን አገር የተማረ ሰው ነበር። ከወገኑ ርቆ ብዙ ዘመን በመኖሩ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሳስቶበት ስለ ነበረ ጉድለቱን የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት። እርሷም ለባርነት ስትጋዝ በ1886 ነፃ ወጥታ፣ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተምራ፣ 15,000 ያህል ቃላት የያዘ የኦሮምኛ መዝገብ አዘጋጀች። በ1894 ለታተመው የንባብ መጽሐፍም ተረቱንና እንቆቅልሹን ሰብስባለች። ይህ ድርሻዋ ዛሬም ከሚገባው በታች ይነገራል።

የሥራው ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ነቀምቴ የገቡት በ1904 ሲሆን፣ መጽሐፉ ታትሞ አምስት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ በእምኩሉ የተመረጠ እያንዳንዱ ቃል ጠያቂ ቢኖር መላሽ በሌለበት፣ በጽሑፉ ብቻ እንዲገባ ሆኖ መመረጥ ነበረበት። ፊደሉም የራሱን ችግር ያመጣ ነበር። የግዕዝ ፊደል መጥበቅንና መላላትን አይለይምና «በዳ» ተብሎ ሲጻፍ ላልቶ ቢነበብ «መጥፎ»፣ ጠብቆ ቢነበብ «ደጋ» ማለት ይሆናል። የወለጋ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ያውቀዋል፤ እንግዳ ግን ይሳሳታል።

ዛሬ እንዲህ ያለው እንግዳ ሰው ሳይሆን ማሽን ሆኗል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል የሚባለው ፕሮግራም፣ የተሰጠውን ጉዳይ ለመፈጸም ከቀረቡለት መሣሪያዎች መካከል አንዱን ይመርጣል። መሣሪያ ሲባል እዚህ ላይ ዶማና መጥረቢያ አይደለም፤ ቀጠሮ የሚይዝ፣ ሒሳብ የሚያስተላልፍ፣ ዋጋ የሚጠይቅ ሌላ ፕሮግራም ነው። ወኪሉ የመሣሪያውን ውስጥ አያይም። የሚያየው ስሙን፣ መግለጫውንና የሚቀበላቸውን መረጃዎች ዝርዝር ብቻ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፋይክስና ኒልሰን በ1971 ስትሪፕስ የተባለውን ዘዴ ሲያወጡ ለእያንዳንዱ ድርጊት አስቀድሞ መሟላት ያለበትንና ከድርጊቱ በኋላ የሚለወጠውን ለይተው ጽፈዋል። በእነርሱ ዘመን መግለጫው በሥነ አመክንዮ ቀመር ይጻፍ ነበር። ከ2023 ወዲህ ግን በተራ ቋንቋ ስለሚጻፍ የተራ ቋንቋ አሻሚነት ሁሉ አብሮት ገብቷል።

ለምሳሌ የሐኪም ቀጠሮ የሚይዝ መሣሪያ «ቀንና ሰዓት ተቀብሎ ቀጠሮ ይይዛል» ተብሎ ብቻ ተገልጿል እንበል። ከጉቶ ጊዳ የመጣ ገበሬ «መስከረም 5 ቀን ጠዋት በ3 ሰዓት» ቢል፣ ማሽኑ መስከረምን ሴፕቴምበር ብሎ ሴፕቴምበር 5 ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሊመዘግበው ይችላል። በእውነቱ ቀኑ ሴፕቴምበር 15 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ መባቻ ደግሞ 16። በሽተኛው በቀኑ ሲደርስ ተራው ካለፈ ዐሥር ቀን ሆኖታል። ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አይደለም፤ በይበልጥ የመግለጫው ጸሐፊ ነው። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሰጥ፣ ሰዓቱ ከንጋት ወይስ ከእኩለ ሌሊት እንደሚቆጠር፣ መሣሪያው የቆየ ቀጠሮ ለመሰረዝ እንደማያገለግል፣ አጠራጣሪ ነገር ሲኖርም መልሶ መጠየቅ እንደሚገባ መጻፍ ነበረበት። አራት መስመር ይበቃ ነበር። ይህ ጽሑፍ ራሱ የሚጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ መናገር እንደ ነበረበት አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም።

የስምም ነገር እንዲሁ ነው። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው በቀድሞው የከተማይቱ አጠራር «ለቀምቲ» ተብሎ ሲሆን ከተማይቱ ግን ነቀምቴ ትባላለች። የቡና ዋጋ የሚጠይቅ መሣሪያ መግለጫው ይህን ካላስረዳ፣ ወኪሉ «ነቀምቴ» ብሎ ፈልጎ ሲያጣ «ዋጋ አልተገኘም» ብሎ ለነጋዴው ይመልሳል። ነጋዴውም የጫነውን ቡና ይዞ፣ ዋጋ የለም ተብሎ ተነግሮት ይቆማል።