ሁለተኛ የወጣው ሰውዬ

ተማሪዎቼ ታሪክ ሲያጠኑ ማን አሸነፈ የሚለውን ይሸመድዳሉ፤ ማን አሳደደው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ዛሬ ስለ አንድ አሳዳጅ ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1949 ነው። ጂሮ ዲታሊያ የሚባለው የጣሊያን የብስክሌት ውድድር ከኩኔዮ ወደ ፒኔሮሎ 254 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መንገዱ አምስት የአልፕስ ዳገት አለበት። የ29 ዓመቱ ፋውስቶ ኮፒ ገና የመጀመሪያው ዳገት ማዳሌና ላይ ተነጥሎ ወጣ። 192 ኪሎ ሜትር ይቀረው ነበር!

ሜዳ ቢሆን ይህ እብደት ነው። የኋላው ቡድን ተራ በተራ ከፊት እየወጣ ንፋሱን ይከፍላል፣ የተጠለለው ጉልበት ይቆጥባል፣ በመጨረሻም ያመለጠውን ይለቅሙታል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነት ስለሚወርድ ከሰው ጀርባ መጠለል ብዙም አይጠቅምም። እዚያ ሁሉም በየራሱ እግር ነው።

ታዲያ ጂኖ ባርታሊ ተነሳ። 35 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ከሳምንት ቀርቶታል። ጂሮን መጀመሪያ ያሸነፈው ፋሽስት አገራችንን ወርሮ በነበረበት ዘመን፣ በ1936 እና በ1937 ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ከ1941 እስከ 1945 ጂሮው ራሱ አልተካሄደም። ምርጥ ዓመታቱ እንዲሁ ባከኑ። ኮፒንም ያው ጦርነት ሰሜን አፍሪካ ወስዶ በእንግሊዞች አስማርኮታል።

ባርታሊ ሌሎቹን ጥሎ ቫርስን፣ ኢዞአርን፣ ሞንጀኔቭርን፣ ሴስትሪዬሬን ለብቻው አሳደደ። አልደረሰበትም። ፒኔሮሎ የገባው ከ11 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ በኋላ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ወሬውን ይዘጋል። እኔ ግን ሦስተኛውን እዩ እላለሁ። አልፍሬዶ ማርቲኒ ከኮፒ 19 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ዘግይቶ ነው የገባው። ተሸነፈ የምንለው ሽማግሌ ከሱ በቀር ያለውን ዓለም ከ7 ደቂቃ በላይ ቀድሟል ማለት ነው! የኮፒን ትልቅነት በምን እንለካው ነበር፣ ባርታሊ ባያሳድድ?

በወሩ፣ ጁላይ 18፣ ሁለቱ በቱር ደ ፍራንስ ለአንድ ቡድን፣ ለጣሊያን ይጋልቡ ነበር። ያቺው ኢዞአር ላይ አሁን አብረው አመለጡ። ብሪያንሶን ቀድሞ የገባው ባርታሊ ነው፤ ቀኑም 35ኛ ልደቱ ነበር። ጠቅላላ ውድድሩን ግን ኮፒ ወሰደ፤ ባርታሊ አሁንም ሁለተኛ።

እኛስ አገር ታሪክ ስንጽፍ ሁለተኛ የወጣውን ስንቱን ረስተናል? የምታስታውሱት ካለ እስቲ ከታች ጻፉልኝ።