ፋቂውና ሻጋታው

የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ ባመዛኙ በቆዳ ላይ የተጻፈ፣ በቆዳ የተጠረዘና በቆዳ ውስጥ የተቀመጠ ታሪክ ነው። ገበሬው እህሉን በስልቻና በአቅማዳ ጭኗል፤ መንገደኛው ስንቁን በአገልግል ይዟል፤ ቤተሰቡ በጀንዲና በአጎዛ ላይ ተኝቷል፤ ሊቁ መጽሐፉን በብራና ላይ ጽፏል፤ ከበሮውና መሰንቆውም ድምፃቸውን ያገኙት ከተወጠረ ቆዳ ነው። ይህ ሁሉ ሀብት ግን ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ዝምተኛ ጠላት ይገጥመዋል፤ ይኸውም ሻጋታ ነው። ሕዝቡ ይህን ጠላት እንዴት ሲመክት እንደኖረ መመርመር፣ የመመከቻው ጥበብ ባለቤቶች በምን ዓይነት ኑሮ እንዳለፉ መመርመርም ነው።

የሻጋታ ዘር በዓይን የማይታይ፣ በአየር ውስጥ ዘወትር የሚንሳፈፍ ነው። ለመብቀል የሚጠብቀው እርጥበትን ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲሰነብትና አየሩ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር፣ ሻጋታው በቆዳው ላይ ያለውን ቅባት፣ ላብና እድፍ፣ ኋላም ቆዳውን ራሱን እየተመገበ ይስፋፋል። ብራና ደግሞ እንደ ሌላው ቆዳ የለፋ ሳይሆን ታጥቦ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ የሚዘጋጅ በመሆኑ፣ እርጥበት ሲያገኘው ይጨማደዳል፤ ቀለሙም ከገጹ ሊነሣ ይችላል።

የጥንቱ ባለሙያ ስለ ፈንገስ የተጻፈ ትምህርት አልነበረውም፤ ሥራው ግን ዕውቀት ነበረው። ቆዳውን በእምቧይ ፍሬና በመሳሰሉት ዕፅዋት አልፍቶ፣ በቅቤ ወይም በጉሎ ዘይት አሽቶ ያለሰልሰዋል። በጎጆ ውስጥ የተሰቀለው ስልቻ ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ስለሚደርሰው ሳይረጥብ ይከርማል፤ ጢሱ ያደርቀዋል፤ ሻጋታንም ይከለክላል። የብራና መጽሐፍም ከእንጨት ገበታው ጋር በቆዳ ተለብጦ፣ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ገብቶ፣ በማንገቻው በግድግዳው ኩላብ ላይ ይንጠለጠላል። ይህ አሰቃቀል ለጌጥ ብቻ አልነበረም። መጽሐፉን ከመሬት እርጥበትና ከአይጥ አርቆ፣ ዙሪያውን አየር እንዲያገኝ የሚያደርግ ዘዴ ነበር። በዓድዋ አካባቢ የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌሎች፣ ሳይንሳዊ ምርመራ እንዳመለከተው ብራናቸው በ4ኛውና በ7ኛው ምዕተ ዓመት መካከል የተዘጋጀ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ መዝለቃቸው ብራና በደረቅ ስፍራና በጠባቂ እጅ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ይመሰክራል።

ሆኖም የዚህ ጥበብ ባለቤት ክብር አላገኘም። እዚህ ላይ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። ብራና የሚፍቀው ደብተራና ቆዳ የሚፍቀው ዕደ ጥበበኛ ሥራቸው የሚጠራው በአንድ ግሥ ነው፤ የአንደኛው ፍቀት ግን የቅዱስ መጽሐፍ መጀመሪያ ሲባል፣ የሌላው «ፋቂ» ተብሎ ስድብ ሆነ። የመጽሐፉን ልባስና ማኅደር የሚያስገኘው ቆዳ የተከበረ፣ ቆዳውን ያለፋው ሰው የተናቀ ሆኖ ኖረ። ዓጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ቆዳ ፋቂውን ጨምሮ ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብን ከልክለው ነበር፤ ዳሩ ግን ለዘመናት የሰረጸ ንቀት በአንድ አዋጅ አይነቀልም። ዕውቀቱም በመጽሐፍ ሳይሰፍር ከወላጅ ወደ ልጅ በእጅ ብቻ ሲተላለፍ ኖረ። ልጁ ከስድቡ ለመሸሽ ሙያውን በተወ ጊዜ ዕውቀቱም አብሮት ጠፋ።

የዚህ ጥፋት ዋጋ በዘመናዊው አቀማመጥ ላይ ይታያል። ማኅደሩ ከኩላቡ ወርዶ በብረት ሣጥን ሲቆለፍ፣ ከበሮው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በጓዳ ሲከርም፣ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ጥበቃ የተባለው ነገር ራሱ ሻጋታ ያበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከ8,000 በላይ መጻሕፍትን በማንሣት ለምርምር ትልቅ ውለታ ውሏል። ነገር ግን ፊልም ቃሉን ያድናል እንጂ ቆዳውን አያድንም።

የሻገተ የቆዳ ዕቃ ሲገኝ በመጀመሪያ ከሌሎቹ ይለያል፤ ከዚያም ነፋስ ባለበት ጥላ እንዲደርቅ ይደረጋል። የጠራራ ፀሐይ ቆዳውን ስለሚያኮማትረውና ስለሚሰነጥቀው አይበጅም። እርጥቡን ሻጋታ ማሸት ወደ ውስጥ ማስረግ ነው። ከደረቀ በኋላ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ከቤት ውጭ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይገባል። ለጫማ፣ ለቦርሳና ለመሳሰለው ዕቃ፣ እኩል ውኃ በተቀላቀለበት አልኮል ጥቂት የራሰ ጨርቅ፣ አስቀድሞ በማይታይ ቦታ ተሞክሮ፣ ሊያገለግል ይችላል። ጽሑፍና ሥዕል ያለበት ብራና ግን ውኃም ሆነ አልኮል ሊነካው አይገባም፤ የባለሙያ እጅ ይሻል። ቅባት የሚቀባው ዕቃው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ፣ ያውም በስሱ ነው፤ የበዛ ቅባት ለሻጋታው ቀለብ ነውና። በመጨረሻም ዕቃው በአቡጀዲ ተሸፍኖ፣ ከግድግዳና ከወለል ርቆ፣ አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ይቀመጣል።

በዚህ መመሪያ ውስጥ ለጥንቱ ፋቂ እንግዳ የሚሆንበት ነገር ጥቂት ነው። ጥላ፣ ነፋስ፣ ልክ ያለው ቅባትና ከመሬት ከፍ ያለ መስቀያ የእርሱም ሕግጋት ነበሩ። ስለዚህ መምህሩ ለተማሪዎቹ ስለ ብራና ሲያስተምር የቆዳ ፋቂውንም ስም ሊያነሣ፣ የኪነት ባለሙያው የከበሮውን ቆዳ ያለፋውን እጅ ሊጠይቅ፣ የባህል ተቋማትም በሕይወት ያሉትን አልፊዎች ቃል በጽሑፍ ሊያሰፍሩ ይገባል። ቅርስን ጠብቆ ቅርስ ሠሪውን መናቅ፣ ማኅደሩን ወልውሎ መጽሐፉን ለሻጋታ እንደ መተው ነው።