እንግዳ ሲሄድ ምን ይተርፋል?

በክረምት ቸርችል ጎዳናን ለሚመላለስበት ሰው ትዕይንቱ አዲስ አይደለም። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ የውጭ አገር ወጣቶች ከሚኒባስ ይወርዱና ወደ ባህል ዕቃ መሸጫዎቹ ይገባሉ። ጀበና፣ መስቀል፣ ሻርፕ ይገዛሉ። በማግሥቱ ወደ ቦሌ፣ ከዚያም ወደ አገራቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ወይም አሥራ ሁለት ቀናት የትምህርት ቤት ግድግዳ ቀለም ቀብተዋል፣ ከሕፃናት ጋር ዘምረዋል፣ ልብስና መድኃኒት አከፋፍለዋል። የአጭር ጊዜ ሚሲዮን ይሉታል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሮበርት ውዝኖ እንደገመቱት፣ ከአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ 1.6 ሚሊዮን ያህል ምእመናን ወደ ተለያዩ አገሮች እንዲህ ይጓዛሉ። ቅንነታቸውን የሚጠራጠር የለም። መጠየቅ ያለበት ግን ስንት ሰው መጣ ሳይሆን ሲሄዱ ምን ተረፈ የሚለው ነው።

አንድ መልስ ከሆንዱራስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ አገሪቱን ካወደመ በኋላ የሰሜን አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ቤት የሚሠሩ ቡድኖችን ላኩ። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ኩርት ቬር ቢክ ሒሳቡን ሠሩት። እንግዶቹ የሠሩት እያንዳንዱ ቤት የጉዞ ወጪያቸው ሲደመርበት 30,000 ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። የአገሬው ድርጅቶች የሠሩት ቤት የፈጀው 2,000 ዶላር ያህል ነው። ቤት ለተሠራላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ማን ሠራው የሚለው ያመጣው ልዩነት አልታየም።

ሌላውን መልስ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቸርችል ጎዳና ከታች የሚነሳው ከለገሃር ነው። ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ የጅቡቲው ባቡር መጨረሻ እዚያ ነበር። አውሮፕላን እስኪለመድ ድረስ ወደ አዲስ አበባ የመጡ አብዛኞቹ ሚሲዮናውያን በዚሁ በር ገብተዋል።

በታህሳስ 1920 ዓ.ም. የገቡት ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቻቸው ከእነዚህ መካከል ናቸው። ላምቢ ለአገሩ እንግዳ አልነበሩም፤ ቀደም ሲል ወለጋ ውስጥ በሐኪምነት ሠርተዋል፣ ጉለሌ ላይም ሆስፒታል አቋቁመዋል። በዚህኛው ጉዟቸው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽንን የመጀመሪያ ቡድን እየመሩ ወደ ደቡብ ሊወርዱ ነበር። ሐሳባቸው ጅማ ቢሆንም ሥራቸው የተተከለው በወላይታ፣ በሲዳማና በከምባታ ሆነ።

ወላይታ ላይ ቋንቋ ተማሩ፣ ሕመምተኛ አከሙ፣ አስተማሩ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች የተጠመቁት ግን በ1926 ዓ.ም. ነው፤ ስድስት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ። በሁለት ሳምንት መለኪያ ቢመዘን ከንቱ ድካም ነበር።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት 48 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ምእመናኑ ብቻቸውን ቀሩ። እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከነፃነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን የምእመናኑ ቁጥር 10,000 ገደማ ደርሶ ጠበቃቸው። የዛሬዋ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አንዱ ሥሯ እዚህ ላይ ነው።

ይህን ታሪክ አማኙ በእምነቱ ያነበዋል። እምነቱን የማይጋራ አንባቢም ቢሆን አንድ ነገር ሊክድ አይችልም፦ ሥራው የበለጠ ያደገው ፈረንጆቹ በሌሉበት ጊዜ ነው። ያደገውም የአገሬው ሰው በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ እግርና በራሱ ጀርባ ስለተሸከመው ነው። እንግዶቹ ዓመታት የፈጀ ትምህርት ባይሰጡ ኖሮ ደግሞ የሚሸከመው ነገር አይኖርም ነበር።

መንግሥትም ጉዳዩን በዝምታ አላለፈውም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሩን ሁለት ቦታ ከፈለ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክልል በሆነው ሚሲዮኖች ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ይችላሉ፤ ሃይማኖታቸውን ማስፋፋት ግን አይችሉም። ክፍት በተባለው ክልል ማስተማር ተፈቀደላቸው። የማስተማሪያ ቋንቋው አማርኛ ሆኖ ሚሲዮናውያኑም እንዲማሩት ይጠበቅባቸው ነበር። ይህ ደንብ በሌሎች ቋንቋዎች ላይ ባደረሰው ጫና ሊወቀስ ይችላል። መሠረታዊ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፦ ማን የት እንደሚያገለግል የሚወስነው እንግዳው ሳይሆን ባለቤቱ ነው።

የሐምሊን ባልና ሚስት ታሪክም ወደዚሁ ይወስዳል። የኢትዮጵያ መንግሥት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ፈልጎ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ማስታወቂያ አወጣ። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1951 ዓ.ም. በሦስት ዓመት ውል መጡ። ሁለቱም ክርስትናቸውን ከሥራቸው የማይለዩ ሰዎች ነበሩ። በወሊድ ምክንያት ፌስቱላ ይዟቸው ከሰው የተገለሉ ሴቶችን ሲያዩ ግን ውሉን ረሱት። እ.ኤ.አ. በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1985 ዓ.ም. አረፉ፤ ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ እስኪያርፉ ድረስ ከስልሳ ዓመት በላይ ኖሩ። ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል።

ከቁጥሩ በላይ የሚናገረው የማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። ታካሚ ሆነው የመጡት ማሚቱ መደበኛ የሕክምና ትምህርት ሳይኖራቸው በዶክተር ሬጂናልድ እጅ ሠልጥነው የተመሰከረላቸው የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ባልና ሚስቱ መጀመሪያ የተጠሩበትም ጉዳይ ይኸው ነበር።

እርግጥ ሁሉም እንግዳ ስልሳ ዓመት ይቀመጥ ማለት አይቻልም። አጭር ጉብኝትም ሊጠቅም ይችላል። በየዓመቱ ወደ አንድ ሆስፒታል ተመልሶ ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር አብሮ የሚቆም፣ ቢላዋውን ለተማሪው አስረክቦ ራሱ ረዳት የሚሆን ቀዶ ሐኪም በሁለት ሳምንት ትልቅ ነገር ትቶ ሊሄድ ይችላል። ብቻውን አርባ ሰው ቀዶ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚሄደው ግን ቁስሉ ሲያመረቅዝ የለም። በሕፃናት ማሳደጊያ ያለ ልጅም በየወሩ አዲስ ወዳጅ ሲመጣለትና ሲለየው፣ ጉዳቱን የሚቆጥርለት የለም።

ስለዚህ ጋባዦቹ አብያተ ክርስቲያናት፣ ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች እንግዳ ከመቀበላቸው በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቁ ይገባል። ሥራውን የጠየቅነው እኛ ነን ወይስ እነሱ? ማንን አሠልጥነው ይሄዳሉ? ለአውሮፕላን የሚወጣው ገንዘብ እዚህ ላለ ሠራተኛ ቢከፈል ምን ይሠራ ነበር? ደፍሮ መጠየቅ እንግዳን ማስከፋት አይደለም። ቀለም መቀባት የሚችል ወጣት ከፒያሳ እስከ ለገሃር ሞልቶ፣ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። አባባሉ የሰለቸን እንግዳ ለመንቀፍ ነው። በዚህ አገር የሚሲዮን ታሪክ ግን የጠቀሙት ብረት እስኪሆኑ የቆዩት፣ ወይም ብረቱን ለባለቤቱ አስረክበው የሄዱት ናቸው።