ጤፍ ከ«ጠፋ» መጣ?

በየጥኖራ፣ በቢቸናና በሞጣ ገበሬው በየክረምቱ የሚዘራው እህል ስሙ ዛሬ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ። «ቴፍ» ይሉታል። «ጠ» የሚባል ድምፅ ስለሌላቸው ወደ «ተ» ለወጡት እንጂ ቃሉ የእኛው ነው።

ቃሉ ለእኛስ ከየት መጣ? ብዙዎቻችን የሰማነው ዘሩ ከእጅ ካመለጠ ስለማይገኝ «ጠፋ» ከሚለው ወጣ የሚለውን ነው። እስኪ ፊደሉን እንመርምር። «ጠፋ» በግዕዝ «ጠፍአ» ነው፤ የጉሮሮው ድምፅ መጨረሻ ላይ ነው። እህሉን ትግርኛ «ጣፍ»፣ ኦሮምኛ «ጣፊ» ይለዋል። ቀይ ባሕርን ተሻግረን የመን ስንደርስ ደግሞ «ጠሀፍ» የሚባል ደቃቅ እህል አለ። እዚህ የጉሮሮው ድምፅ መሀል ላይ ነው። የግዕዙ «ላህም» በአማርኛ «ላም» እንደሆነው ሁሉ፣ መሀል ያለ «ሀ» መዋጡ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዝምድናው ከ«ጠፋ» ይልቅ ወደ «ጠሀፍ» ያደላል።

ወደ አውሮፓ የሄደበት መንገድ ግን ዓመተ ምሕረት አለው። ጣሊያናዊው ዙካኚ እ.ኤ.አ. በ1775 ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «ቴፍ»ን እንዳለ አስገባው። ጎንደርንና ጎጃምን ያየው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ለእንግሊዝኛ አንባቢ አስተዋወቀው። ዛሬ በሳይንስ «ኤራግሮስቲስ ቴፍ» ይባላል። የፊተኛው ግሪክኛ ነው፣ «የፍቅር ሣር» ተብሎ ይፈታል። የኋለኛው የእኛ ነው።

ስሙ ይህን ያህል እየመሰከረ፣ አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት «አዲስ ፈጠራ የለበትም» ብሎ ሆላንድ ውስጥ ሻረው። ደስ አለን። ግን ልብ በሉ፤ ጉዳዩ ችሎት የደረሰው የፓተንቱ ባለቤት ሌላ የሆላንድ ድርጅት ስለከሰሰ ነው። ከሳሽም ተከሳሽም እኛ አልነበርንም።

ስም ብቻውን ባለቤትነትን አያስከብርም። መዝገበ ቃላት ቃሉ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ የፓተንት ቢሮ የሚፈልገው ግን በጽሑፍ የሰፈረ ዕውቀት ነው። ስለ አፈሩ፣ ስለ ማኛውና ስለ ሰርገኛው፣ ስለ እርሾው አባቶችና እናቶች የሚያውቁት አብዛኛው ዛሬም በቃል ነው ያለው። እሱን በቦታና በቀን መዝግቦ ማስቀመጥ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥራ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለእነዚህ ማሳዎች ቅርብ ነው።

ጤፍ ከ«ጠፋ» የመጣ አይመስልም። ወደዚያ እንዳይሄድ ግን እንጻፍ።